«አራዳ»፦ ከገበያ ሜዳ ተነሥቶ የሰው ጠባይ መጠሪያ የሆነው ቃል

«አራዳ» በሦስት ፊደላት የሚጻፍ አጭር ቃል ነው። ቃሉ አጭር ይሁን እንጂ የተሸከመው ትርጉም ብዙ ነው። በአዲስ አበባ የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሲሆን በጎንደርና በወላይታ ሶዶ ከተሞችም በዚሁ ስም የሚጠሩ ክፍለ ከተሞች አሉ። በዕድሜ የገፉ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ቃሉን ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢና የቀድሞው ገበያ ነው። ለወጣቶች ግን አራዳ ማለት ነገር ቶሎ የሚገባው፣ ከሰው ጋር መግባባት የሚያውቅ፣ በቀላሉ የማይታለል ሰው ነው።

ቃሉ በአንድ ጊዜ ምስጋናም ማስጠንቀቂያም ሊሆን ይችላል። እናት ልጇን «አራዳ ሁን» ስትል ዓይንህን ግለጥ፣ አትሞኝ ማለቷ ነው። ዕቃ ሊገዛ የቆመን ሰው ወዳጁ ጠጋ ብሎ «ሻጩ አራዳ ነው» ሲለው ግን ዋጋውን ደግመህ አስብ፣ ሚዛኑንም ተመልከት እያለው ነው። ስሕተቱን በይቅርታ ያለፈለትን ጓደኛውን «አራዳ ነህ» የሚል ሰው ደግሞ ቻይና ቅን ነህ ማለቱ ነው።

ይህ ቃል የሰዎችን መተያየትም ይነካል። ዛሬ በብዙ ሰው አነጋገር አራዳ የከተማ ሰው ነው፤ የእርሱ ተቃራኒ ተደርጎ የሚቆጠረው «ፋራ» ደግሞ ከገጠር የመጣው ነው። በዚህ ምክንያት እህሉን ወይም ከብቱን ሸጦ ለመመለስ ወደ ከተማ የሚገባ አርሶ አደር ገና አፉን ሳይከፍት በአለባበሱና በአነጋገሩ ብቻ ይመዘናል። የቃሉ ታሪክ ሲመረመር ግን ይህ ክፍፍል ከጊዜ በኋላ የመጣ መሆኑ ይታያል። አራዳ መጀመሪያ የተባለው ገጠሩና ከተማው የሚገናኙበት ገበያ ነበር።

የገበያው ስም

አዲስ አበባ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም ጀምሮ ከተማዋ ያደገችው በሁለት ምሰሶዎች ዙሪያ ነበር። አንደኛው በምሥራቅ በኩል በኮረብታ ላይ የነበረው ቤተ መንግሥት ነው። ሁለተኛው ከቤተ መንግሥቱ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተዘረጋው ሜዳ የቆመው ገበያ ነው። አራዳ የተባለው ይህ ገበያ ነው። ቤተ መንግሥቱ የአስተዳደሩ፣ አራዳ ደግሞ የንግዱ መናገሻ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ገበያው በየዕለቱ ሰው ባይለየውም ዋናው ቀን ቅዳሜ ነበር። በዚያን ቀን ከየአቅጣጫው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ቅቤ፣ ማር፣ በርበሬ፣ ቆዳ፣ ከብት፣ በቅሎና ፈረስ ይገባሉ። ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ፣ መስተዋት፣ ብረታ ብረትና ልዩ ልዩ ሸቀጥም በዚያው ይሸጣል። መገበያያው የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን ለአነስተኛ ግዢ አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። ቀረጥ የሚሰበሰበውና የንግድ ክርክር የሚታየው በነጋድራሱ ሥልጣን ነበር። በዚያ ዘመን ከታወቁት የአዲስ አበባ ነጋድራሶች አንዱ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው።

አራዳ የገበያ ቦታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ዐዋጅ የሚሰማው፣ ወሬ የሚለዋወጠው፣ ሙግት የሚታየው እዚያ ነበር። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ሕዝብ እያየ የሚቀጣበት ትልቅ ዛፍም በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነበር። ስለዚህ ከሩቅ አገር መጥቶ አራዳ የዋለ ሰው ከገዛው ዕቃ ጋር የአገሩን ወሬ፣ የእህሉን ዋጋና የመንግሥቱን ትእዛዝ ይዞ ይመለስ ነበር። «አራዳ ውሎ የመጣ» ሰው ያልሰሙትን የሰማ፣ ያላዩትን ያየ ሰው ነው። ቃሉ ኋላ የያዘው የንቁነት ትርጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አካባቢው ከጊዜ ወደ ጊዜ የከተማዋ ታላላቅ ክንውኖች መድረክ ሆኗል። ከዓድዋ ድል በኋላ በተሠራው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በ1923 ዓ.ም ዘውድ ጭነዋል። በፈረስ ላይ የተቀመጠው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም ከ1923ቱ የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ በአደባባዩ ቆሟል። በእቴጌይቱ ስም የሚጠራው ጣይቱ ሆቴልና በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቲያትር ቤትም በዚሁ በአራዳ አካባቢ ይገኛሉ። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም የደረሰበት የእሳት አደጋ የብዙ ሰው ሐዘን እንደ ነበር ይታወሳል።

ከገበያው ወደ ዘበኛው

ቃሉ ከመሬት ወደ ሰው የተሻገረበት የመጀመሪያው ግልጽ መንገድ «የአራዳ ዘበኛ» የሚለው አጠራር ነው። ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ በሚውልበት ገበያ ሌባም አይጠፋም። ሥርዓት የሚያስከብር፣ ሌባ የሚይዝ፣ ሌሊት ሱቆችን የሚጠብቅ ኃይል ያስፈለገው ለዚህ ነው። ጠባቂዎቹ በጥበቃ ሥፍራቸው ስም የአራዳ ዘበኛ ተባሉ። ከተማዋ ስትሰፋ ከገበያው ርቀው በሌሎች ሰፈሮች የሚዘዋወሩትም በዚያው ስም ይጠሩ ነበር። በዚህ አነጋገር «አራዳ» አንድ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ የከተማው ሁሉ ምትክ ሆኖ መቆም ጀመረ።

የሥፍራ ስም እንዲህ እየሰፋ መሄዱ በአማርኛ አዲስ አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ «ከተመ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ቀድሞ ንጉሡና ሠራዊቱ ድንኳን ተክለው የሚያርፉበትን ሥፍራ ያመለክት ነበር። «ሰፈር»ም እንዲሁ ከመስፈር፣ ከማረፍ የመጣ የጦር ቃል ነው። በአዲስ አበባ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው የሰፈሩባቸው ቦታዎች በስማቸው እየተጠሩ ቀሩ። ድንኳኑ ተነቅሎ ቤት ሲሠራም ስሙ አልተለወጠም። ዛሬ ሰፈር የሚል ሰው ጎረቤትን እንጂ ጦርን አያስብም።

አንድ አካባቢ፣ ሁለት ስሞች

ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ ወራሪው የከተማዋን ነዋሪ በዘር ለመለየት የሚያስችል ዕቅድ ነደፈ። በዕቅዱ መሠረት የአራዳ አካባቢ ለአውሮፓውያን መገበያያ ታሰበ። የኢትዮጵያውያኑ ገበያ ደግሞ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተዛወረ። «መርካቶ» በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። «ፒያሳ» ደግሞ አደባባይ ማለት ሲሆን ከላቲን አልፎ ሰፊ መንገድ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የሚመዘዝ ነው። የእንግሊዝኛው «ፕሌስ» እና የስፓኝኛው «ፕላዛ» የዚሁ ቃል ወንድሞች ናቸው።

ነጻነት ሲመለስ ወራሪው ሄደ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። ገበያው መርካቶ ላይ ጸና፤ የቀድሞው የገበያ አካባቢም ፒያሳ ተባለ። ፒያሳ የሚለው ስም በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰን በጎንደርና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞችም የመሐል ከተማ መጠሪያ ሆኗል። እህል ጫኙ፣ ከብት ነጂውና ቅቤ ሻጯ ወደ መርካቶ ሲያቀኑ በፒያሳ የቀሩት የወርቅ ቤቶች፣ ኬክ ቤቶች፣ ሲኒማ ቤቶችና ልብስ ሰፊዎች ነበሩ።

ይህ የገበያ መዛወር ለቃሉ ትርጉም ትልቅ ለውጥ አመጣ። አርሶ አደሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ይውልበት የነበረው ሥፍራ ከእርሱ ራቀ። አራዳ የሚለው ስም ግን በከተሜው እጅ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያደገ ትውልድ አራዳን ሲያስብ በትዝታው የሚመጣለት የተወለወለ ጫማ፣ ሲኒማ፣ ማኪያቶና ዘመናይ አለባበስ እንጂ በቅሎ፣ አሞሌና ቁና አልነበረም።

ውቤ በረሃ

ለአራዳ አዲስ ትርጉም መብሰያ ከሆኑት ሰፈሮች ስሙ ገንኖ የሚነሣው ውቤ በረሃ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በአንድ ወቅት የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት ከነበሩት ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። መደበኛ ስሙም ደጃች ውቤ ሰፈር ነው። «በረሃ» የሚለውን የጨመረለት ሕዝቡ ነው።

በመሐል ከተማ፣ ሰውና ቤት ተጨናንቆ በሚኖርበት ሥፍራ «በረሃ» መባሉ ቅኔነት አለው። በአማርኛ በረሃ ሞቃትና ጠፍ ምድር ብቻ አይደለም። «በረሃ ገባ» የተባለ ሰው ከሕግና ከዘመድ ዓይን የራቀ፣ ነፍሱን ለአደጋ የሰጠ ነው። ከነጻነት በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ደጃች ውቤ ሰፈር በመጠጥ ቤቶቹ፣ በሙዚቃውና በሌሊት ሕይወቱ የታወቀ ነበር። ተማሪው፣ ወታደሩ፣ ነጋዴውና መኰንኑ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኙ ነበር። ከገጠር በድኅነት፣ በፍቺ ወይም ያለ ዕድሜ ጋብቻን በመሸሽ የመጡ ሴቶችም ኑሯቸውን የሚገፉት እዚያ ነበር። ገንዘቡን የጨረሰ፣ የተደባደበ፣ በፍቅር የከነፈ ሰው በእርግጥም በረሃ እንደ ገባ ይቆጠራል። ደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በተሰኘው ልብ ወለዱ የዚህን ሰፈር ሌሊት ለሥነ ጽሑፍ አብቅቶታል። መጽሐፉም ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሟል።

በእንዲህ ያለ ሰፈር ለመኖር የተለየ ብልኀት ያስፈልጋል። ከማን ጋር እንደሚቀመጡ፣ መቼ እንደሚናገሩ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ፣ ጠብ ሲመጣ እንዴት በቀልድ እንደሚያልፉት ማወቅ ግድ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው «የአራዳ ልጅ» ተባለ። ከውቤ በረሃ ጋር ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈርና ሌሎቹም የአራዳ ሰፈሮች በዚህ ስም ይኰሩ ነበር። መጀመሪያ «የአራዳ ልጅ» የትውልድ ሰፈርን የሚናገር ስም ነበር። ቆይቶ «የ» የምትለዋ ፊደልና «ልጅ» የሚለው ቃል ወደቁና ሰውየው ራሱ «አራዳ» ሆነ።

የአማርኛ ሰዋስውም ለዚህ ሽግግር የተመቸ ይመስላል። «ደካማ»፣ «ሰባራ»፣ «ጎባጣ»፣ «ወራዳ» የሚሉት ቅጽሎች በድምፅ አወራረዳቸው ከ«አራዳ» ጋር ይመሳሰላሉ። የቦታ ስም የነበረው ቃል በጆሮ ሲሰማ የጠባይ መግለጫ ስለሚመስል «አራዳ ሰው» ማለት ለተናጋሪው አልከበደውም።

የሥርወ ቃሉ ጥያቄ

ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ብዙ የትውልድ ታሪክ ይፈጠርለታል። አራዳም ከ«አረደ» ወይም ከ«ወረደ» ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ ከሥጋ ገበያ ወይም ከቁልቁለት ጋር ማያያዝ ቀላል ነው። ድምፅ ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም። «አረደ» የድርጊቱን ባለቤት «አራጅ»፣ ቦታውን ደግሞ «ማረጃ» ይላል። «ወረደ»ም «ወራጅ»ን እና «መውረጃ»ን ይሰጣል። በሁለቱም ዘንድ የቦታ ስም የሚገነባው «መ» ወይም «ማ» ከፊት እየመጣ ነው። አራዳ ይህን ደንብ አልተከተለም።

በትርጉም የሚቀርበው ሌላው ቃል የዐረብኛው «ዐረደ» ነው። ይህ ግስ አንድን ነገር ለዕይታ ማቅረብ፣ መዘርጋት ማለት ሲሆን የንግድ ትርዒት የሚባለውም በዐረብኛ ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። በጎንደርም ሆነ በሸዋ የሩቅ ንግዱን ለዘመናት ያንቀሳቀሱት በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች በመሆናቸው የዐረብኛ የንግድ ቃል ወደ ገበያ ስም መግባቱ የሚያስደንቅ አይሆንም። ይሁንና ይህም ግምት ነው። ግምት ወደ እውነት የሚደርሰው በጥንት ጽሑፎች ውስጥ ቃሉ ከየት ወደ የት እንደ ተጓዘ በማሳየት ነው።

ስሙ በሌሎች ከተሞች መገኘቱም ቁም ነገር አለው። ጎንደር በዐፄ ፋሲል ዘመን ከተመሠረተች ጀምሮ ከሱዳን፣ ከምፅዋና ከደቡብ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት የንግድ ከተማ ነበረች። በጎንደርና በወላይታ ሶዶ ያሉት አራዳዎች ቃሉ የአዲስ አበባ የግል ሀብት አለመሆኑን ያሳያሉ። ሕዝብ የሚሰበሰብበት የከተማ እምብርት ባለበት ቃሉ ይሠራል።

የአራዳ ቋንቋ

አራዳ በመጨረሻ የንግግር ዓይነት ስምም ሆኗል። «የአራዳ ቋንቋ» ሲባል ወጣቶች እርስ በርስ ለመግባባትና ከሌላው ለመለየት የሚጠቀሙበት አነጋገር ማለት ነው። ሰዋስዉ የአማርኛ ነው። ቃላቱ ግን በልዩ ልዩ መንገድ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ነባር የአማርኛ ቃላት ሆነው ትርጉማቸው የዞረ ናቸው። «ነቄ» ከ«ነቃ» የወጣ ሲሆን የተደበቀውን ነገር የተረዳ ሰው ማለት ነው። «ፈታ በል» ደግሞ የታሰረ ነገርን ከመፍታት ተነሥቶ ተዝናና፣ አትጨነቅ ማለት ሆኗል። ሌሎቹ ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ናቸው። አባት «ፋዘር»፣ እናት «ማዘር» ይባላሉ። ስሜት የሚል ትርጉም ያለው «ሙድ» ግን አዲስ አበባ ሲደርስ ተለውጦ «ሙድ መያዝ» ማለት በሰው ላይ ማላገጥ ሆኗል። እንግሊዛዊ ሰው ይህን አነጋገር ቢሰማ ቃሉ የራሱ መሆኑን እንጂ ትርጉሙን አያውቅም።

አጥኚዎችም ጉዳዩን ተመልክተውታል። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1983 ተሾመ ደምሴና ሊዮኔል ቤንደር በአዲስ አበባ በብቸኝነት የሚኖሩ ወጣት ሴቶች ስለሚጠቀሙበት የምስጢር አነጋገር ጥናት አሳትመዋል። በ2015 ደግሞ የቋንቋ ተመራማሪዋ አንድሬያ ሆሊንግተን ስለ አራዳ ቋንቋና ስለ ከተማ ወጣቶች ማንነት ጽፈዋል። እንዲህ ያለ የወጣቶች አነጋገር በናይሮቢ «ሼንግ»፣ በአቢጃን «ኑሺ» ይባላል።

እንዲህ ሆኖም የምስጢር ንግግር የከተማ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው በ1964 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ የአዝማሪዎችን፣ የላሊበሎችንና የነጋዴዎችን የምስጢር አነጋገር ሰብስበዋል። መሰንቆውን ይዞ በየሰርጉ የሚዞረው አዝማሪ ባለ ድግሱ ሳይሰማ ከባልንጀራው ጋር የሚመካከርበት ቋንቋ ነበረው። ነጋዴዎችም በገዢው ፊት ስለ ዋጋ የሚነጋገሩበት ዘዴ አልጠፋቸውም። ዛሬ በከተሜነት የሚመካው የአራዳ ልጅ የሚጠቀምበት ጥበብ በገጠር መንገዶችና በገበያ ሜዳዎች ቀድሞ የነበረ ነው።

ከተማና ገጠር በቃላት ሚዛን

የከተማ ሰው የራሱን ስም ለሙገሳ፣ የገጠሩን ስም ለነቀፋ ሲያውል የታየው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ «ቪለን» የሚባለው ክፉ ሰው ስሙን ያገኘው በላቲን የእርሻ ይዞታ ከሚባለው ከ«ቪላ» ነው። ቃሉ መጀመሪያ በእርሻው ላይ የሚሠራውን ገበሬ ያመለክት ነበር። ጨዋና ትሑት ሰውን የሚገልጸው «ኧርቤን» ደግሞ ከተማ ከሚለው የላቲን ቃል ወጥቷል። ገበሬው ክፉ፣ ከተሜው ጨዋ ተደርገው የተሣሉት በቃላቱ ባለቤቶች እጅ ነው።

ነገሩ የተገላበጠበትም ጊዜ አለ። የለንደን ነባር ነዋሪ «ኮክኒ» ይባላል። የቃሉ ጥንተ ፍቺ የአውራ ዶሮ ዕንቁላል ማለት ነበር። የማይረባ፣ ጎዶሎ ዕንቁላል ለማለት ነው። ቆይቶ ለተሞላቀቀ ልጅ ዋለ። ከዚያም የገጠር ሰዎች ሥራ የማያውቀውን፣ ገላው ያልጠነከረውን ከተሜ ሊያላግጡበት ተጠቀሙበት። ለንደናውያን ግን ስድቡን ተቀብለው ኩራታቸው አደረጉት።

ከአራዳ ጋር በትርጉም የሚቀራረበው የእንግሊዝኛ ቃል «ስማርት» ነው። ይህም አጭር ቃል ነው፤ ጉዞውም ረጅም ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ መውጋት፣ ማቃጠል፣ ማሳመም ማለት ነበር። ከሚወጋ ሕመም ወደ ስለት፣ ከስለት ወደ ፍጥነት፣ ከፍጥነት ወደ ብልኀት ተሸጋገረ። ከዚያ አምሮ የለበሰ ሰው መግለጫ ሆነ። ዛሬ ደግሞ «ስማርት ስልክ» እያለ በኢትዮጵያ ገጠሮችም ሳይቀር ይነገራል። አራዳም በተመሳሳይ መንገድ ብልህን፣ ቀልጣፋን፣ ዘናጭንና አታላይን በአንድ ስም ያቀፈ ነው።

በአማርኛ የገጠሩ ሰው የደረሰበት የቃል በደል በ«ባላገር» ላይ ይታያል። ቃሉ «ባለ» እና «አገር» ከሚሉት የተሠራ ነው። የአገር ባለቤት፣ ርስት ያለው ሰው ማለት ነው። ከዚህ የከበረ ስም ብዙ አይገኝም። ሆኖም በከተሜ አፍ ለረጅም ጊዜ ያልሠለጠነ፣ ነገር የማይገባው ለማለት ሲውል ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት ግን ቃሉ ክብሩን መልሶ እያገኘ ነው። «ባላገሩ አይዶል» የተሰኘው የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ስሙን በኩራት መያዙ ለዚህ አንድ ምልክት ነው።

ቃሉ ዛሬ

በ1995 ዓ.ም አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር አንዱ አራዳ ተባለ። ቃሉ በዚህ መንገድ ወደ ቦታ ስምነቱ በይፋ ተመለሰ። የነዋሪነት መታወቂያ ላይ የሚጻፈው አራዳ ሙገሳም ነቀፋም የለበትም።

የቦታው መልክ ግን ተለውጧል። በየካቲት 2016 ዓ.ም የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ነባር መንደሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። በአንድ ግቢ ለሦስትና ለአራት ትውልድ የኖሩ፣ በእድርና በማኅበር የተሳሰሩ ጎረቤቶች ዛሬ በከተማዋ ዳርቻ ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተበትነው ይኖራሉ። መንገዱ ሰፍቷል፤ አዳዲስ ሕንፃዎችም እየተነሡ ነው። «የአራዳ ልጅ» የሚለውን ስም ያወጣው የሰፈር ኑሮ ግን እንደ ቀድሞው በአንድ ቦታ አይገኝም።

ስለዚህ ለወደፊቱ ቃሉን የሚይዘው ቦታው ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው። አራዳነት ማታለል ነው ተብሎ ከተያዘ ቃሉ የገበያ ሌባ መጠሪያ ሆኖ ይቀራል። የከተማ ልብስና የከተማ አነጋገር ነው ከተባለም ከገጠር የመጣውን መናቂያ ይሆናል። ብዙ የአራዳ ልጆች የሚሉት ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ለእነርሱ እውነተኛ አራዳ የሰው ሐሳብ ቶሎ የሚገባው፣ ሰውን የማያሳፍር፣ ያለውን ተካፍሎ የሚበላ፣ ሲያታልሉት ነቅቶ እርሱ ግን የማያታልል ነው።

ይህ ትርጉም ከጥንቱ ገበያ ጋር ይስማማል። በአራዳ ሜዳ ሸማቹም ሻጩም ዐዋቂ መሆን ነበረባቸው። የጤፉን ጥራት በመዳፉ ላይ አፍስሶ የሚለየው፣ የበቅሎዋን ዕድሜ ከጥርሷ የሚያነበው፣ የቅቤውን ንጽሕና በሽታ የሚያውቀው ከገጠር የመጣው አርሶ አደር ነበር። የጨርቁን ዋጋ፣ የብሩን ምንዛሪና የነጋድራሱን ቀረጥ የሚያውቀው ደግሞ ከተሜው ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ገበያ ሊያቆም አይችልም ነበር።

ዛሬም ቅዳሜ ወደ ከተማ እህል ይዞ የሚመጣ ሰው ዝናቡን፣ አፈሩንና የምርቱን ልክ ያውቃል። ተቀብሎት የሚገዛው የከተማ ሰው በእነዚህ ነገሮች ከእርሱ የሚማረው ብዙ ነው። አርሶ አደሩም ስለ መንገዱ፣ ስለ ባንኩና ስለ ዕለቱ ዋጋ ከከተሜው የሚጠይቀው አለ። በእውነተኛ ሚዛን ተገበያይተው፣ ተመራርቀው የሚለያዩ ሁለት ሰዎች በቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ሁለቱም የአራዳ ሰዎች ናቸው።